የመተኛት መብት በኑርሀያት አዳራሽ

ሰመራ ኖሮ ኑርሀያትን የማያውቅ ሰው ካለ፣ "ክልክል" የሚለውን ቃል በሕይወቱ አንብቦ አያውቅም ማለት ነው። ሆቴሏ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ነው፤ ከበሩ እስከ ጓሮው ግድግዳው በእጅ ጽሑፏ ተሞልቷል። እግር መታጠብ ክልክል ነው። ሶኬት መነካካት ክልክል ነው። ለሁለት አንድ ሻይ አዝዞ ሦስት ሰዓት መቀመጥ ክልክል ነው። ከመጸዳጃ ቤቱ በር በላይማ "ሳያስፈልግ መግባት ክልክል ነው" ይላል፤ ሳያስፈልገው እዚያ የሚገባው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ የጠየቃት የለም።

ክፉ ሴት አይደለችም፤ ወላሂ አይደለችም። ከወሎ፣ ከሐርቡ፣ አንድ ድስትና አንዲት ሕፃን ይዛ ስትመጣ ሰመራ ራሷ ገና ከተማ ነኝ ለማለት የምታፍርበት ጊዜ ነበር። ከአቧራና ከሙቀት ጋር እየተናነቀች ያቆመችውን ቤት ሰው እንዳያፈርስባት ትፈራለች፣ በቃ፤ የሚፈራ ሰው ደግሞ ይከለክላል።

ባለፈው ዓመት ከሆቴሉ ጀርባ አዳራሽ ሠራችና ሁለት ትልልቅ ኤሲ ገጠመችበት። የሰመራን ሰኔ ያልቀመሰ ሰው የዚህን ነገር ትልቅነት አይረዳውም። ቀትር ላይ ውሻ ከመኪና ሥር አይወጣም፤ ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ሻይ ቅጠል ቢጨመርበት ለመጠጣት ምንም አይቀረው። አዳራሹ ውስጥ ግን ሰው "ነጠላ አቀብሉኝ" ይላል። ኑርሀያትም አዳራሹን ቆለፈችና ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው።

የምትጠብቀው ሰው ነበራት። አዋሽ ላይ ቢሮ ያለው አንድ ድርጅት ስለ መብት፣ ስለ ደንብና ስለ ማኅበራዊ ኃላፊነት ዓመቱን ሙሉ በየወሩ የሚሰጠው ሥልጠና ነበረውና ሰመራ ላይ አዳራሽ ይፈልጋል። ውሉን ካገኘች አዳራሹ ሥራ አገኘ። ካላገኘች ኤሲዎቹን ነቅላ፣ ቤቱን የሽንኩርት መጋዘን ልታደርገው ነው። ይህን ለልጇ ለሂያም ስትነግራት ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ድርጅቱ የጠየቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አዳራሹ ንጹሕና ቀዝቃዛ እንዲሆን፣ ባለቤቲቱም ከውጭ የሚመጡትን አሠልጣኞች በእንግሊዝኛ ማናገር እንድትችል። ሐሙስ ዕለት ወይዘሮ ሉላ የምትባል ኃላፊ ከአዋሽ መጥታ ሁለቱንም ታያለች።

ለዚህ ሲባል ሐብታሙ የሚባል ቀጭን የደብረ ማርቆስ ልጅ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተምራል። ተማሪዎቹ ስምንት ናቸው፤ ኑርሀያት፣ ሂያም፣ ባለ መድኃኒት ቤቱ፣ የተቀሩት ባጃጅ ነጂዎች። ጫማ አውልቀው ይገባሉ፤ ማዛጋት ክልክል ነው። ዘጠነኛው መሀመድአሚን ነው፣ የሆቴሉ ዘበኛ። እሱ አልተመዘገበም፤ የፕላስቲክ ወንበሩን በሩ ላይ አድርጎ ግማሽ ጎኑን ወደ ውስጥ፣ ግማሹን ወደ ውጭ ሰጥቶ ይቀመጣል፤ በአንድ በኩል ይጠብቃል፣ በአንድ በኩል ይቀዘቅዛል።

ስለ መሀመድአሚን አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል። የአፋር ልጅ ነው፣ አሥራ አንድ ዓመት በሯ ላይ ቆሟል፣ መዋሸት ግን አይሆንለትም። አንድ ጊዜ ኑርሀያት ማየት የማትፈልገው ሰው መጥቶ "የለችም በለው" ብትለው፣ ሄዶ "አለች፤ ግን የለችም በለው ብላኛለች" አለው። ያን ቀን ልታባርረው ቆርጣ ነበር፤ ግን እንዲህ የሚታመን ዘበኛ ከየት ታመጣለች!

ሰኞ የዕለቱ ትምህርት ስለ መብትና ግዴታ ነበር። ሐብታሙ ሰሌዳው ላይ ራይት፣ ዲዩቲ፣ ሩል፣ ሪስፖንሲቢሊቲ ብሎ ደረደረና፣ ራይት ማለት መብት እንደሆነ አስረድቶ፣ በቃሉ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉ አዘዘ። ኑርሀያት ከሁሉም ቀድማ ጨረሰች። ማንም ሰው ሶኬት የመንካት መብት የለውም ብላ ነበር የጻፈችው። ሐብታሙ ፈገግ አለና፣ እትዬ ኑርሀያት፣ መብት የሚከለክሉት ሳይሆን የሚሰጡት ነውና እስቲ ለሰው አንድ ነገር ይስጡ አላት።

ለሰው የምትሰጠው ነገር ስትፈልግ ሩብ ሰዓት እርሳሷን አኘከች። ባጃጅ ነጂዎቹ ጨርሰው ይጠብቋታል፤ ልጇም አንገቷን አቀርቅራ ትስቃለች። ይሄኔ ኑርሀያት ተናደደችና፣ ከቶ የማይሆነውን፣ ፀሐይ በምዕራብ ብትወጣ እንኳ የማታደርገውን ነገር ጻፈች። "ኤቭሪ ፐርሰን ሃዝ ዘ ራይት ቱ ስሊፕ ኢን ማይ ሆል።" ማንኛውም ሰው አዳራሼ ውስጥ የመተኛት መብት አለው ማለት ነው።

ሐብታሙ በደስታ ሊሞት ደረሰ። ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፈው፣ በአማርኛ ተረጎመው፣ ሁሉም ተነሥተው ሦስት ጊዜ ጮክ ብለው እንዲደግሙት አደረገ፣ ከዚያ አስጨበጨበላት። ኑርሀያት እንደ ልጅ አፈረች። ደስ ብሏትም ነበር።

ከትምህርት በኋላ በመስኮት ስታይ መሀመድአሚን ከዱብቲ በኩል ግመል እየነዳ ከመጣ ሰው ጋር በሩ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ያወራል። አዲስ ነገር አይደለም፤ ዳጉ ነው። ሁለት አፋሮች ከተገናኙ ሰላም ብለው አይተላለፉም፤ ተቀምጠው ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ይባባላሉ። ተናጋሪው ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ከእገሌ ሰማሁ ብሎ ሳይጨምር ሳይቀንስ ያስረክባል፤ ሰሚውም ለሚቀጥለው የማድረስ ግዴታ አለበት። የዘነበበት፣ የተወለደው፣ የሞተው፣ የጠፋችው ግመል ሁሉ እንዲህ ነው የሚታወቀው። ድሮ በእግር ይሄድ ነበር፤ አሁን የጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና አለ፣ ሞባይል አለ። ኑርሀያት ይህን ሁሉ ታውቃለች። የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋም ዳጉ ውስጥ ይገባል ብላ ግን እንዴት ታስብ?

ማክሰኞ ሱብሂ ሰግዳ፣ ቁልፉን ለሂያም ሰጥታ፣ የድርጅቱን ወረቀቶች ለማስገባት በሚኒባስ ወደ አዋሽ ተነሣች። ሎግያን፣ ሚሌን፣ ገዋኔን አልፋ፣ ወገቧ ተቆራርጦ ከቀትር በኋላ አዋሽ ሰባት ደረሰች። ከመኪናው ወርዳ ቀሚሷን ስታራግፍ አንድ በሕይወቷ አይታው የማታውቅ ረጅም የአፋር ፍየል ነጋዴ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ መጣና በትሕትና ሰላም አላት። ከሰመራ መምጣቷን፣ ኑርሀያት የምትባለውን ሴት ታውቅ እንደሆነ ጠየቃት። እኔ ነኝ አለችው። ሰውየው ፊቱ በራ። እጇን ይዞ መረቃት፤ እሱም ሰኞ ወደ ሰመራ የሚሄድበት ጉዳይ ስላለው፣ ትራስ ይዞ መምጣት እንዳለበት ወይስ አዳራሹ ውስጥ እንዳለ ጠየቃት።

መጀመሪያ ፀሐይ የመታው ሰው መሰላት። አንገቱን ቀና አድርጎ "ራይት" ሲላት ነው ነገሩ የገባት።

ለሂያም ደወለች። ልጅቱ ክፉ ነገር እንደሌለ፣ ነገር ግን ቶሎ ብትመጣ ጥሩ እንደሆነ ነገረቻት። አሥራ ዘጠኝ ሰው አዳራሹ ውስጥ ተኝቷል። መሀመድአሚን መጥቶ ክፈቺ ሲላት እምቢ ብላው ነበር፤ እሱ ግን እናትሽ ብላለች፣ አንቺም ሦስት ጊዜ ደግመሻል አላት። እውነትም ደግማለች። ኑርሀያት አስወጪልኝ ብላ ጮኸች። ሂያምም ተኝተዋል እኮ እማ፣ የተኛ ሰው እንዴት ተብሎ ይወጣል አለቻት። አንዱ ፍየል ይዞ ነው የገባው።

የድርጅቱ ቢሮ ስትደርስ ወይዘሮ ሉላ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ወረቀቶቹን አገላበጠች፤ ሐሙስ ከቀትር በፊት እደርሳለሁ፣ አዳራሹ ዝግጁ ነው አይደል ስትላት ኑርሀያት ኢንሻአላህ ብላ ወጣች። እሷ እንኳ ኢንሻአላህን ከልቧ እንዲህ ብላው አታውቅም።

ረቡዕ ከሰዓት ሰመራ ስትገባ፣ "መኪና ማቆም ክልክል ነው" ከሚለው ብረት ላይ አምስት ግመሎች ታስረው አገኘች። የአዳራሹን በር ከፈተች። ሴራሚኩ ላይ ከሠላሳ የማያንሱ ወንዶች በጎናቸው ተጋድመዋል፤ ዱላዎቻቸው ግድግዳው ላይ በተርታ ተደግፈዋል፣ ጫማዎቻቸው በረንዳው ላይ በሥርዓት ተደርድረዋል። ከመጋረጃው ወዲያ ደግሞ ከዱብቲ ወተት ሊሸጡ የመጡ ሴቶች አሉ። ፍየሏ ኤሲው ሥር ነች።

ኑርሀያት ዘበኛዋን ወደ ጓሮ ጎትታ ወሰደችው።

"ምን አደረግኸኝ?"

"ምን አደረግሁሽ? ያልሽውን ተናገርኩ።" መሀመድአሚን ለአስተዳዳሪም ለሕፃንም "አንተ" "አንቺ" ነው የሚለው።

"እሱ እኮ ለምሳሌ ነው! ለትምህርት ነው!"

መሀመድአሚን ነገሩን ግራና ቀኝ አገላበጠው። "እሺ፤ ብለሻል ወይስ አላልሽም?"

"ብያለሁ፣ ግን..."

"ስምንት ሰው ሰምቷል፣ ስምንቱም ደግመውታል፣ አጨብጭበዋል። ታዲያ ለሚጠይቀኝ ሰው ኑርሀያት አለች፣ ግን አላለችም ልበል?"

እሱም የቀረውን ነገራት። ወሬው ጅቡቲ ድንበር፣ ገላፊ ድረስ ደርሷል፤ ግን ብዙ ሰው ለማመን ተቸግሯል። ያቺ የክልክሏ ሴት ይህን አትልም ብለው የተወራረዱ አሉ። ስለዚህ ኡበይዳ የሚባለው ሽማግሌ፣ ቃሉ በየጎሣው የሚከበረው፣ ሐሙስ ራሱ መጥቶ ሊጠይቃት ነው።

"ሐሰት ነው ካልሽው፣" አለ መሀመድአሚን፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ "ከዚያ ወዲያ ማንም ምን ሰማህ አይለኝም። ያየኝ ሁሉ ዝም ብሎ ያልፈኛል፤ ልጆቼንም እንደዚሁ። ግን ዋሺልኝ አልልሽም። ያለውን ተናገሪ።"

ይህን ብሎ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ኑርሀያትን አንጀቷን በላት። ቢሆንም አዳራሹም አንጀቷ ነው፤ እና ለሐሙስ የምትለውን ወሰነች፤ ለምሳሌ ነበር ትላለች፣ እውነቱም ይኸው ነው፣ ማንም ሊቀየማት አይገባም።

እስከዚያው ሰዎቹን ለማስወጣት መምህሩን አስጠራች። ሐብታሙ መሀላቸው ቆሞ፣ በምሳሌ የተነገረ ነገርና በእውነት የተነገረ ነገር እንደሚለያዩ ግማሽ ሰዓት አስረዳ። በጨዋነት አዳመጡት። ሲጨርስ አንዱ፣ እንግዲያው አንተ የምታስተምረው ያልሆነ ነገር ነው ወይ ብሎ ጠየቀው። አይደለም አለ ሐብታሙ። ሌላው ቀጠለና፣ ታዲያ አንተም አስተማሪ የሆንከው ለምሳሌ ነው ወይ አለው። ሐብታሙ ጫማውን አውልቆ ተቀመጠ። የተከራየው ቤት ኤሲ የለውም።

ኤሲውን አጠፋችባቸው። መብራት ሄደ ብለው በትዕግሥት ጠበቁ። እሷ ግን ላቡ ሲያጥባት አሥር ደቂቃ አልቻለችም፤ መልሳ አበራችው።

ይሄኔ ነው አንድ ብልሃት የመጣላት። ግዴታ የሌለው መብት የለም ተብሎ ተምራ የለ? ግዴታ ላይ ግዴታ እቆልልባቸዋለሁ፣ መሯቸው ይሄዳሉ አለች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ዘረዘረች። የሚገባ እግሩን ታጥቦ ይገባል። ማንኮራፋት ክልክል ነው። ከሁለት ሰዓት በላይ መተኛት ክልክል ነው። ፍየል ክልክል ነው።

ሰዎቹ ተያዩ። ከዚያም እስከዚህች ቀን ድረስ ኑርሀያትን ማንም ብሏት የማያውቀውን አሏት፤ ልክ ነሽ አሏት። ወዲያው ክብ ሠርተው ተቀመጡና ሥራ ተከፋፈሉ። እግር የሚያስታጥብ ተመረጠ፤ ሰዓት የሚይዝ ተመረጠ። ጆሮው ቀጭን ነው የተባለ አንድ ጎልማሳ የማንኮራፋት ጉዳይ ኃላፊ ሆነ፤ የሚያንኮራፋውን በዱላው ጫፍ ነካ አድርጎ ይቀሰቅሳል። ከሩቅ የመጣ ይቀድማል ተባለ። በፍየሏ ላይ ግን ክርክር ተነሣ፤ እሷም ከሩቅ መጥታለች፣ እሷም ሞቋታል የሚሉ ነበሩ። በመጨረሻ ሐብታሙ ፐርሰን የሚለው ቃል ሰውን ብቻ እንደሚይዝ ስለመሰከረ ፍየሏ ወጣች፤ ባለቤቷም ፍርዱን ተቀበለ። አንድ ደንብ ደግሞ ራሳቸው ጨመሩ። ሰው ተራው ላይ እያለ፣ እስካላንኮራፋ ድረስ ሽማግሌም ሆነ ባለቤት አይቀሰቅሰውም። እሺ በይ አሏት። ኑርሀያት ተናድዳ እሺ አለች፤ በንዴት የተሰጠ እሺም ለካ እሺ ነው።

ሐሙስ አምስት ሰዓት ላይ የወይዘሮ ሉላ መኪና ደረሰ። የመኪናው ማቀዝቀዣ ገዋኔ ላይ ሞቶባቸው ስለነበር ሾፌሯ ሙሌ፣ ሌላ ጊዜ ቀልድ የማያልቅበት ሰው፣ አንድ ቀልድ ሳይወጣው ሸሚዙን እየጨመቀ ወረደ። ኑርሀያት ሌሊቱን ሙሉ የሸመደደችውን የእንግሊዝኛ ሰላምታ አንድ በአንድ አወረደችው። ሉላ ራሷን ነቀነቀች፤ በዚህ አለፈች ማለት ነው። ከዚያ በሩ ተከፈተ።

ሉላ ቅጿን ደረቷ ላይ አቅፋ በተኙት መሀል እግሯን እያነሣች እየጣለች ዞረች። ወለሉን አየች፣ ኤሲውን አየች፣ ሰዓት የያዘውን ሰው አየች፤ እሱም እሷን አየና ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ዝም በይ አላት። ወደ ጥጉ ወስዳ በሹክሹክታ ኑርሀያትን እነዚህ ምንድን ናቸው አለቻት። ኑርሀያት የቤት ሥራውን ታሪክ ከመጀመሪያው ነገረቻት። ሉላ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች።

"ወይዘሮ ኑርሀያት፣ አዳራሹን ወድጄዋለሁ፤ የተሻለ አላገኝም። እነዚህ ሰዎች ዛሬ ወጥተው ዳግመኛ አይገቡም ካሉኝ አሁን እፈርማለሁ።" እስክሪብቶዋን ከፈተች።

ኑርሀያት ይወጣሉ ልትል አፏን ስትከፍት፣ ከውጭ ሰላምታ ተሰማ። ኡበይዳ ደረሰ። ጢሙ በሂና የቀላ፣ ወገቡ ቀጥ ያለ ሽማግሌ ነው። ተራ ጠባቂዎቹ ከበረንዳው ተነሡ፤ ውስጥ ያሉትም አንድ አንድ እያሉ ተነሥተው ተቀመጡ። እግሩን ታጠበ፣ ደንብ ነዋ፣ ገባና ፊቷ ቆመ። ጤናዋን ጠየቀ፣ ልጇን ጠየቀ፣ መንገዱን ጠየቀ። ከዚያም ሁሉም እንዲሰማ ቀስ ብሎ ተናገረ።

"ኑርሀያት ማንኛውም ሰው አዳራሼ ውስጥ የመተኛት መብት አለው ብላለች ብሎ መሀመድአሚን ተናግሯል። ብለሻል?"

መልሱ አፏ ላይ ነበር። ለምሳሌ ነው። ሁለት ቃል። ሉላ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቆማለች። ኑርሀያት ግን ሳታስበው ወደ በሩ አየች። መሀመድአሚን ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ጀርባውን ሰጥቷት፣ ወደ አስፋልቱ እያየ ቆሟል። እንድታዝንለት እንኳ ፊቱን አላሳያትም። አሥራ አንድ ዓመት እሱ ያላትን ሁሉ ስታምን ኖራለች፤ አደራ ስትሰጠው ቆጥራ አታውቅም፤ እቃ ጠፋ ብላ ቀና ብላ አይታው አታውቅም። ይሄ ሰው ከነገ ጀምሮ በሯ ላይ ሊቆም ነው፣ አላፊው ሁሉ እያየ እንዳላየ ሊያልፈው። ያ ረቢ፣ ምን ዓይነት ጭንቅ ነው አለች በልቧ።

"ብያለሁ" አለች። "መሀመድአሚን የተናገረው እውነት ነው።"

"ነው ወይስ ነበር?"

"ነው።"

"እስከ መቼ?"

ይህን አላሰበችበትም። "ሙቀቱ እስኪያልፍ ድረስ" አለች፤ ያለችው ገና ከአፏ ሳይወጣ ምን እንዳለች ገባት። ሙቀት ሰመራን ለቅቆ ሲሄድ ያየ ሰው የለም። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ፤ የማንኮራፋት ጉዳይ ኃላፊው እንኳ ሥራውን ረስቶ ሳቀ። ኡበይዳ አልሳቀም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገናት፤ ወጥቶም መሀመድአሚን አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠ። ምን እንደተባባሉ ከውስጥ አይሰማም። ብዙ ግን ተባባሉ።

ወይዘሮ ሉላ እስክሪብቶዋን ከደነች። አዝናለሁ፣ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን አለች፤ እውነትም ያዘነች ትመስላለች። ኑርሀያት ምንም አይደል አለቻትና ፊቷን አዙራ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ሂያም እማ ምን ሆንሽ ስትላት ላብ ነው አለች፣ ኤሲው ሥር ቆማ። አለቀሰች እንግዲህ፤ ምን ይደበቃል። አንድ ዓመት ያለመችው ነገር በአንድ "ነው" ሄደ።

ሉላ ቅጿን ይዛ ወደ መኪናው ወጣች። ሙሌ የለም። መኪናው ውስጥ የለም፣ ከመኪናው ሥር የለም፣ ሻይ ቤቱም የለም። ተመልሳ መጥታ የኔን ሾፌር ያያችሁ ብትል፣ ሰዓት የያዘው ሰው በጣቱ አሳያት። ሙሌ ከኤሲው ትክክል ሥር፣ እጁን ትራስ አድርጎ፣ የደላው እንቅልፍ ላይ ነው። ከአዋሽ ድረስ የመጣ ሌላ ሰው ስላልነበረ ሁሉንም ቀድሞ ገብቷል። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይቀረዋል።

ሉላ ቀስቅሱልኝ አለች። ሰውየው በትሕትና፣ ተራው ላይ ያለ ሰው እንደማይቀሰቀስ፣ ካንኮራፋ ግን ወዲያው እንደሚነሣ አስረዳት። ሉላ ተስፋዋ ለመለመ። ያንኮራፋል አለች፤ አምስት ዓመት አብራው ሠርታለች፣ በየመንገዱ ሲያንኮራፋ ሰምታዋለች። የማንኮራፋት ጉዳይ ኃላፊው ተጠራ። በሙሌ ራስጌ ተንበረከከና ጆሮውን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። አዳራሹ ትንፋሹን ያዘ። ሉላም ያዘች። ሙሌ እንደ ጡት ልጅ ለስለስ አድርጎ ተነፈሰ፣ እንደገና ተነፈሰ፣ ከንፈሩን ላሰ፣ ጎኑን ቀየረ። ኃላፊው ለረጅም ጊዜ አዳመጠና ቀና አለ።

"አያንኮራፋም" አለ።

ሉላ ወደ ኑርሀያት ዞረች። ላቧ መነጽሯን ጭጋግ አልብሶታል። "ቤቱ የእርስዎ አይደለም እንዴ? እባክዎ እርስዎ ይቀስቅሱልኝ።"

ኑርሀያት ሙሌን አየች። ክብ ሠርተው የሚያዩዋትን ሰዎች አየች። በሕይወቷ ስንቱን ሰው ከስንቱ ወንበር አስነሥታለች፤ አሁን አንዱን ሾፌር ለማስነሣት እጇ አልታዘዝ አላት።

"አዳራሹ የእኔ ነው" አለች። "ተራው ግን የሱ ነው።"

ወይዘሮ ሉላ በበሩ በኩል መኪናዋን አየች፤ የቀትር ፀሐይ ጣራው ላይ ቁጭ ብሏል። ከዚያም ጫማዋን አውልቃ በረንዳው ላይ ካሉት ተርታ አስቀመጠች፣ እግሯን ታጠበች፣ በሴቶቹም በኩል ተራ እንዲይዙላት ጠየቀች።